ዘጠኝ ሳንቲ

ውድ ወንድምዓለም፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ አሁን ብጽፈው ከልቤ አይሆንም። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እማዬን እንዲወስድ እልካለሁ ያልከውን መኪና አትላከው። ብትልከው ባዶውን ይመለሳል። ሹፌሩን በር ላይ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ስናደድ እንዴት እንደምሆን ደግሞ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

"በስልክ ለምን አልነገርሽኝም?" ትል ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ገና "እማዬ እኮ..." ስል "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" ብለህ ከአፌ ትነጥቀኛለህ። ከኋላህ መዶሻ ይጮኻል፣ አንዱ "ኢንጂነር!" እያለ ይጣራል፣ አንተም "መልሼ እደውላለሁ" ብለህ ትዘጋለህ። የሥራ ጓደኞችህ ይህን ስም ያወጡልህ ቧንቧ ገጣጥመህ ስታበቃ ስለ ሕንፃው ሁሉ ስለምታስተምራቸው ነው። ሥራህን ጠንቅቀህ እንደምታውቅ አልክድም። ግን ደብዳቤን መሃል ላይ "ገብቶኛል" ብሎ መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ፈቃድ ወስደህ የመጣህበትን ሳምንት አስታውስ። "እማዬ ደህና መታጠቢያ ቤት ይገባታል" ብለህ እጅጌህን ሰብስበህ ገባህ። አሮጌው ሽንት ቤት ታንከሩ ከላይ የተሰቀለ፣ ሰንሰለቱ የሚጎተት፣ ውሃ ሲሞላ ሰፈር የሚሰማው ነበር። እኔም አልወደውም ነበር፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል። እማዬ ግን በጎን በኩል ወደ ታንከሩ የሚወጣውን ቧንቧ ይዛ ነበር የምትነሳው። ይህን አንተም እኔም አናውቅም ነበር። ቧንቧው ላይ አንድ ጭብጥ የሚያህል ቦታ ቀለሙ ለቅቆ ብረቱ ያብረቀርቅ እንደነበር ግን ሁለታችንም በዓይናችን አይተናል። አንተ "የድሮ ቀለም እንዲህ ነው" ብለህ ነቀልከው።

ከዚያ አዲሱን ከካርቶኑ አወጣኸው። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስመጥታ ተቀምጣ ታይህ ነበር። የብረቱን ፍሬም ግድግዳው ላይ አቆምክ፣ የፕላስቲኩን ታንከር በውስጡ አስገባህ፣ ከዚያ ዞር ብለህ ማስረዳት ጀመርክ።

"ይኼ ሁሉ በቦርድና በሴራሚክ ይሸፈናል እማዬ። ከውጭ የሚታይሽ መቀመጫውና የውሃ መልቀቂያዋ ቁልፍ ብቻ ናቸው። መቀመጫው ራሱ መሬት አይነካም፣ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል።"

"ታዲያ ውሃው የታለ?"

"ግድግዳው ውስጥ።"

"ሲበላሽስ?"

"አይበላሽም።"

"ይሁን እሺ" አለች እማዬ። "አንተ ካልክ።"

ይቺን "አንተ ካልክ" ልብ በልልኝ። የዚህ ቤት ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ከፍታውን ስትመርጥ በር ላይ ቆሜ ነበር። መረጠ ከተባለ ነው እንግዲህ! ሜትርህን ከባዶው ሲሚንቶ ላይ ወደ ላይ ዘረጋህ፣ እርሳሱን ከጆሮህ ላይ አንስተህ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አሰመርክ፣ "መቀመጫው አርባ ሁለት ላይ ይሆናል" አልክና ወደ ብሎኑ ሄድክ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብህም። የልብስ ስፌት ሜትሬ እንደ ወትሮው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። "እማዬን አስቀምጠህ አትለካትም?" አልኩህ። ያልከኝን ታስታውሳለህ?

"አንቺ ደግሞ! ይኼ እኮ ቀሚስ አይደለም። ይኼ ስታንዳርድ አለው።"

አንተ ሳቅህ፣ እማዬ ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልሱ የመጣልኝ ከአራት ወር በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስሰፋ ሁለት ትከሻው እኩል የሆነ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። የአንዱ ቀኝ ክንድ ይረዝማል፣ የአንዷ ዳሌ ወደ ግራ ያዘነብላል። ለዚህ ነው መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሰውየውን አቁሜ የምለካው። አንተ ግን ግድግዳውን ለካህ፤ የምትቀመጥበት ሴትዮ ሁለት እርምጃ ርቃ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እያየችህ!

እሁድ ሄድክ። በሳምንቱ ሴራሚክ ሠሪው መጥቶ ወለሉንም ግድግዳውንም ጨረሰ። እሱ ጋ በኋላ እመለሳለሁ፤ እዚያ ላይ የራሴም ጉድ አለ። ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ፣ "ሆቴል!" ብለህ መለስክ። ለእማዬ ደውለህ "ተመቸሽ?" አልካት። "ልክ ነው ልጄ፣ እጅህ ይባረክ" አለችህ። በኋላ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ያን ዕለት ከመቀመጫው የተነሳችው የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ነው። በሩ ዝግ ነበርና ማንም አላያትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። ዛሬ ሳወራው ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይገጥማል፤ በጊዜው ግን አንዱም ከአንዱ ጋር አልተያያዘልኝም። መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያው ከግድግዳው መነቃነቅ ጀመረ። ስነግርህ "ብሎኑ ርካሽ ነው" አልከኝ። አስጠበቅነው። በወሩ እንደገና ተነቃነቀ። አንዲት ስልሳ ኪሎ የማትሞላ ሴት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየተንጠለጠለችበት መሆኑ የሁለታችንም ጭንቅላት ውስጥ አልገባም።

ቀጥሎ እማዬ ውሃ መጠጣት ተወች። ጠዋት የምቀዳላትን ብርጭቆ ምሳ ሰዓት ላይ እንደሞላ አገኘዋለሁ። "አልጠማኝም" ትላለች። ጎረቤት ሻይ ስታቀርብላት "ሆዴን ይነፋኛል" ትላለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ምግብ የጠላች መስሎኝ በየቀኑ ሾርባ እሠራላት ጀመር። ድንቹንና ካሮቱን ለቅማ ትበላና ውሃውን ሳህኑ ላይ ትተወዋለች። "ጨው በዝቶበታል" ስትለኝ ጨው ቀነስኩ። "ጨው የለውም" ስትለኝ ጨመርኩ። አየህ፣ ሴትዮዋ እኔን ላለማስከፋት በየቀኑ ሰበብ ስትፈልግ ትውል ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሽንት ቤት ገብታ ቀረች። የአንድ ሱሪ ሁለቱንም እግር ጠርዝ ሰፍቼ ስጨርስ አልወጣችም። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

"እማዬ?"

"አለሁ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩ። እያሰብኩ ነው።"

"ሽንት ቤት ውስጥ?"

"ታዲያ የት ላስብ? የስፌት መኪናሽ የማይጮህበት ቦታ በዚህ ቤት ሌላ አለ?"

ሳቅሁ። ይህን ስጽፍልህ ፊቴ ይቃጠላል፤ ሳቅሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ እዚያ ውስጥ ጉልበቷን እያሻሸች፣ ሁለት ጊዜ ሞክራ መልሳ ተቀምጣ፣ ለሦስተኛው አቅም እያጠራቀመች ነበር። "ነይ አንሺኝ" ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ግን ልጇን ጠርታ፣ ልብሷ ወርዶ፣ ከሽንት ቤት አንሺኝ ከምትል እዚያው ብትውል መረጠች። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔም አልጣራም ነበር።

ከዚያ ያ ሰኞ መጣ። ኮሪደሩ ላይ አዞራትና ወደቀች። ክሊኒክ ይዣት በረርኩ። ሐኪሙ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ አየ፣ ምላሷን አየ፣ "እማማ፣ ሰውነትዎ ውሃ ጠምቶታል፤ ለምንድን ነው የማይጠጡት?" አላት። "እጠጣለሁ" አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። ሐኪሙ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ምርመራው። መጨረሻ ላይ "ዕድሜም አለ" አለ፣ ሐኪሞች ሁሉ እንደሚሉት።

ማታውን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩህ፤ አንተ ግን ከሁሉም መሃል "ዕድሜ" የምትለዋን ብቻ መዘህ ያዝክ። "እርጅና ነው፣ እግሯ ከድቷታል። እዚያ ቤት ውስጥ አንቺ ብቻሽን አትችያትም። እኔ ጋ ትምጣ፣ የምትደግፋት ሠራተኛ ይኖራል፣ አልጋዋ አጠገብ ፖፖ ይደረግላታል፣ ቤቱ ይዘጋል" አልክ። ፖፖ! ለእናታችን! ሁለታችንን ከፖፖ ያወጣች ሴት! አንድ ሐሙስ የቀራት አስመሰልካት። እኔን አልጠየቅኸኝም፤ እሷንም አልጠየቅሃትም። "በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መኪና ይመጣል" አልክ፣ ከኋላህ "ኢንጂነር!" አሉህ፣ ዘጋኸው።

ለእማዬ ስነግራት ግድግዳውን እያየች "እሱ ካለ" አለች። በማግሥቱ ቁምሳጥኗን ከፍታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት በሁለት ሻንጣ ልትጨርሰው ነው። አንጀቴን በላችኝ።

ልብሷን የምታጣጥፈው እኔ ክፍል ውስጥ፣ የስፌት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ወንበር ታውቀዋለህ፤ መደገፊያም የእጅ መያዣም የሌለው፣ ተራ እንጨት ነው። ጭኗ ላይ የተቆለለውን ልብስ በሁለት እጇ አቅፋ ብድግ አለችና ወደ ሻንጣው ሄደች። መርፌዬ ቆመ።

"እማዬ፣ እስኪ ቆይ። ተመለሺና ተቀመጪ።"

ተቀመጠች።

"ተነሺ።"

ተነሳች። ምንም አልያዘችም፤ ምንም አልተደገፈችም።

"እንደገና ተቀመጪ።"

"ምን ታደርጊኛለሽ? እንደ ወታደር ተነሺ ተቀመጪ?"

ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አውርጄ ወንበሩን ለካሁ። አርባ ስድስት። ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። ከሴራሚኩ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ለካሁ። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ። ሠላሳ ሦስት! ሠላሳ ሦስት ሳንቲ፣ ወንድሜ። የሕፃናት ትምህርት ቤት አግዳሚ ነው። የእማዬ እግር አልከዳትም። እግሯን የከዳው አንተ የሰቀልከው መቀመጫ ነው!

ደሜ ፈላ። ስልኩን አንስቼ ቁጥርህን ግማሽ ድረስ ነካሁ። ከዚያ አንድ ነገር ያዘኝ። አንተ "አርባ ሁለት" ነበር ያልከው፤ ስትለካም ዓይኔ እያየ ነው። ዘጠኙ ሳንቲ የት ገባ? ቀና ስል የበሩን መድረክ አየሁት። ማለቴ መድረክ የለም። ድሮ ከኮሪደሩ ወደ ሽንት ቤቱ ስንገባ አንዲት ደረጃ ወደ ታች እንወርድ ነበር፤ አሁን ወለሉ ከኮሪደሩ ጋር እኩል ነው። ስልኩን አስቀመጥኩት።

እዚህ ላይ ትንፋሽ ልውሰድ፤ ስለ ራሴ መናገር ስለ አንተ እንደመናገር አይቀልም።

ሴራሚክ ሠሪው ሥራ የጀመረ ዕለት ክፍሌ በር ላይ መጥቶ ቆመ። በነጋታው የሚወሰድ ቀሚስ ይዤ ነበር፣ አፌ ውስጥ አራት አምስት ስፒል ነክሻለሁ። "እህቴ፣ እዚያች ደረጃ ላይ እናትሽ አንድ ቀን ይወድቃሉ። ከኮሪደሩ እኩል ላድርጋት?" አለኝ። እማዬ እዚያች ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቅፋለች፤ እሰይ አልኩ፣ ራሴን ነቅንቄ "አድርጋት" አልኩት። ሄደ። ተመለሰ። "ወለሉ ዘጠኝ ሳንቲ ያህል ይነሳል። መቀመጫው እንዳያጥር ነው። ወንድምሽ ይህን ያውቃል?" አለኝ።

"ያውቃል" አልኩት።

ከእነ ስፒሌ። ቀና ብዬም አላየሁት። ያ ቀሚስ ማን እንደለበሰው እንኳ ዛሬ አላስታውስም፤ እሱን ለማድረስ ብዬ ነው አንድ ስልክ መደወል የሰነፍኩት። እማዬ አራት ወር ሙሉ ውሃ የተጠማችው በእኔ በአንዲት ቃል ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለእማዬ የነገርኳት ትናንት ነው።

ግን "አየሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው" ብለህ እንዳትነሳ! ምን ቆርጦህ! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ መሆኑን እያየህ፣ ከላዩ ምን እንደሚነጠፍና ስንት እንደሚነሳ ሳትጠይቅ የለካኸው አንተ የቧንቧ ባለሙያው ነህ። ግድግዳው ላይ "ወለል ሲነሳ ንገሩኝ" ብለህ ብትጽፍ እርሳሱ እጅህ ላይ ነበር። ደግሞም አርባ ሁለቱ ራሱ ልኳ አልነበረም። እንዴት አወቅሽ በለኝ።

ለካኋታ! እንደ ቀሚስ ለካኋት። ያን ዝቅ ያለውን የእንጨት ሳጥኔን ግድግዳ ጥግ አስቀመጥኩ። ጨርቅ የሚጠቀለልባቸውን ጠፍጣፋ ጣውላዎች ሰበሰብኩና ላዩ ላይ አንድ በአንድ እየደረደርኩ አስቀምጣት፣ አስነሳት ጀመር።

"ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽን በትክክል ልለካ" አልኳት።

"ሽንት ቤት በባዶ እግሬ ነው የምሄደው?"

እውነቷን ነው። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትሄደው። ስታንዳርድህ ውስጥ ነጠላ ጫማ አለ ወይ? ከእነ ጫማዋ ለካኋት። አርባ ሁለት ላይ፣ ያንተው ቁጥር ላይ፣ ጉልበቷን ተጭና "ኤዲያ!" ብላ ተነሳች። አርባ ስምንት ላይ ተረከዟ ከመሬት ለቀቀ፣ "ሰቀልሽኝ እኮ" አለች። አንድ ጣውላ አወጣሁ፣ ሌላ አወጣሁ። አርባ አምስት ላይ እጇን ደረቷ ላይ አጣምሬ "ሳትደገፊ ተነሺ" አልኳት። ተነሳች። ሳልነግራት መልሳ ተቀመጠችና እንደገና ተነሳች። በሦስተኛው ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በደብዳቤ አልችለውም።

"ይቺ ናት" አለች። "ስንት ናት?"

"አርባ አምስት።"

"አርባ አምስት" አለች፣ ለራሷ።

"ለምን አልነገርሽንም እማዬ?"

"ምን ብዬ?"

"ዝቅ ብሏል ብለሽ!"

"ልጄ ፈቃዱን እዚህ ጨርሶ፣ ጉልበቱ ሲሚንቶ ላይ ተልጦ የሠራልኝን ዝቅ ብሏል ልበለው? ደግሞስ እኔ መች አወቅሁ። እግሬ የደከመ ነበር የመሰለኝ። እናንተም እርጅና ነው ስትሉኝ አመንኳችሁ።"

አመንኳችሁ አለች። ይህን ስትለኝ በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። በአንተ ተናደድኩ፣ በራሴ ተናደድኩ፣ በእሷም ተናደድኩ፤ አዎ፣ በእሷም! አንዲት ሴት መቀመጫዋ ዝቅ ብሎ ሳለ እኔ ነኝ ያረጀሁት ብላ ሻንጣ እስክታስር ድረስ ሰው ታምናለች? እኛስ ብንሆን እናታችንን ምን አድርገን ብናሳድጋት ነው እንዲህ የሆነችው? ማለቴ እሷ ናት ያሳደገችን። ያው ነው።

በማግሥቱ ሌላ የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። አትቀየም፤ አንተን ብጠራ "ገብቶኛል" ትለኝ ነበር። ቱምቢ ነው የሚሉት፣ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ገመድ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ሰውዬ። ግድግዳውን ከፍቶ የአንተን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰና "ይኼን የሠራው ባለሙያ ነው፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም" አለ። ይህን የጻፍኩልህ እውነት ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ወደ ፍሬሙ እግሮች ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እግሮቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ተስበው ሃያ ሳንቲ ድረስ እንደሚረዝሙ አሳየኝ፤ እንደታጠፉ ናቸው፣ አልተነኩም።

"ወንድምሽ ከየት ጀምሮ ነው የለካው?"

"ከባዶው ሲሚንቶ።"

"ካለቀው ወለል ነው እኮ የሚለካው። ይህን አያውቅም?"

"ያውቃል" አልኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ያችን ቃል ተናገርኳት፤ አሁን ግን እውነት ነበረች።

"ስንት ላድርገው ታዲያ?" አለኝ። በእጄ ወደ ኮሪደሩ አመለከትኩት፤ እማዬ እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። ሰውዬው ገባው መሰለኝ ቆቡን አውልቆ ፊቷ ቁጢጥ አለ።

"እማማ፣ ስንት ላድርግልዎ?"

"አርባ አምስት" አለች፣ ያለ አንዳች ማመንታት።

የፍሬሙን እግሮች ስቦ፣ የፍሳሹን መስመር በቁራጭ ቧንቧ አስረዝሞ ከፍ አደረገው። በጎን በኩል፣ ያ ያብረቀርቅ የነበረው ቧንቧ ቦታ ላይ፣ አንድ የብረት መያዣም አሰረላት። ከሴራሚኩ ስድስቱ ስለተሰበሩ ሠሪው ተመልሶ መጣ፤ የድሮውን ዓይነት አላገኘም፣ ጠቆር ያለ ለጠፈ። እኔን ሲያይ አፈረ፤ እኔ ከእሱ የባሰ አፈርኩ። ስለዚህ ሽንት ቤቱ አሁን ሆቴል አይመስልም። ግድግዳው ላይ ስድስት ጠቆር ያሉ ሴራሚኮች አሉ፤ ስትመጣ ቁጭ ብለህ ታያቸዋለህ።

ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጎረቤት ስትመላለስ ከርማ ትናንት ገባች። በሩን ዘጋች። እኔ እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳሁ። ምንም አይሰማም። እሄዳለሁ፣ አልሄድም ስል የውሃው ድምፅ መጣ፤ ወዲያው በሩ ተከፈተና ወጣች። እንኳን አንድ ሱሪ፣ አንድ ቁልፍ ተክዬ አልጨርስም ነበር።

"ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?" አለችኝ።

በአጠገቤ አልፋ ወጥ ቤት ገባች። ብርጭቆ ሲነሳ ሰማሁ። ውሃ ቀድታ ቆማ ጠጣችው። ደገመች። ሦስተኛውን ይዛ መጥታ እዚህ እኔ ጋ ተቀመጠች። እኔ የያዝኩት ቀሚስ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ "የሰው ልብስ አበላሸሽ" ብላ ከእጄ ቀማችኝ። ያኔ ነው "ያውቃል" ያልኩትን የነገርኳት። ውሃዋን እየጠጣች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "ስፒል አፍሽ ውስጥ አትክተቺ ብዬሽ ነበር" አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ልብሷ ቁምሳጥኗ ውስጥ ተመልሷል። ስለዚህ መኪናውን አትላክ፤ ፖፖውንም ገዝተህ ከሆነ ለሚያስፈልገው ስጥ። ልትጠይቅህ ግን ትፈልጋለች፤ ለአንድ ሳምንት መጥታ ልጆችህን አይታ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት አንድ ሥራ አለህ። ሜትርህን ያዝና የራስህ ቤት ሽንት ቤት ግባ። ካለቀው ወለል እስከ መቀመጫው ጠርዝ ለካና ቁጥሩን ጻፍልኝ። "ስታንዳርድ ነው" ብለህ እንዳትልክልኝ፤ ቁጥሩን። ካነሰ አስተካክል፤ እስክታስተካክል እማዬ ከዚህ ንቅንቅ አትልም።

አሁን ሰላምታዬን ውሰድ። ብናደድም ወንድሜ ነህ፤ ጉልበትህ ሲሚንቶ ላይ መላጡንም አልረሳሁም። ናፍቀኸኛል። ሁለታችንም ዘጠኝ ዘጠኝ ሳንቲ የበደልናት ልጆቿ ነንና አብረን እንክሳታለን።

ያቺ "ያውቃል" ያለችው እህትህ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእማዬ አነበብኩላት። "ልጄን አበዛሽበት" አለች መጀመሪያ። ደብዳቤውን ሳጣጥፈው ግን እጄን ያዘችኝ።

"አርባ አምስት ብለሽ ጽፈሻል?"

"ጽፌያለሁ።"

"ከእነ ጫማዬ መሆኑንም ጻፊበት።"